የልጆች ቴሌቪዥን አሻንጉሊቶችን መዝገብ እንዴት እናዘጋጅ?

በልጆች ፕሮግራም የታዩ አሻንጉሊቶችን ለመመዝገብ የሚነሳ የአድናቂዎች ቡድን ብዙ ጊዜ ሥራውን የሚጀምረው ስም በመደርደር ነው። ስሙ መቶ ሲሞላ ጭቅጭቁ ይመጣል። አንዱ «ይሄ ከላይ ካለው ጋር አንድ ነው» ይላል፤ ሌላው «ልብሱ ተለውጧል፣ ሌላ ነው» ይላል፤ ሦስተኛው ድምፁ መቀየሩን ያነሳል። ሦስቱም ልክ ናቸው፤ የሚያወሩት ግን ስለ ሦስት ነገር ነው። መዝገቡ የሚድነው እነዚህ ሦስቱ ከመጀመሪያው ቀን ከተለያዩ ነው።

መመሪያው በሰሜን ሸዋ ከተሞች፣ በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲና፣ በሸዋ ሮቢት፣ በመሐል ሜዳና በዓለም ከተማ ተበታትነው በስልክና በአንድ ላፕቶፕ ለሚሠሩ ከአምስት እስከ ስምንት ሰዎች ታስቦ የተዘጋጀ ነው።

1. ሦስት ገጽ ክፈቱ

በኤክሴል ወይም በጎግል ሺት አንድ ፋይል ክፈቱና ሦስት ገጽ አድርጉት፦ «ገፀ ባሕርይ»፣ «አካል»፣ «መታየት»።

ገፀ ባሕርይ ማለት ተመልካቹ ልጅ የሚያውቀው ነው፦ ስሙ፣ ምን ፍጡር እንደሆነ፣ በፕሮግራሙ የተነገረ ዕድሜው፣ ጠባዩ። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ላይ ያለችው ፀሐይ የስድስት ዓመት ቀጭኔ ናት፤ ይህ እዚህ ገጽ ላይ አንዴ ብቻ ይጻፋል። አካል ማለት እጅ የሚገባበት ዕቃ ነው፦ ጨርቁ፣ ስፖንጁ፣ ዓይኑ የተሠራበት ነገር፣ አፉ የሚከፈትበት መንገድ። መታየት ማለት ደግሞ ይህ አካል በዚህ ክፍል፣ በዚህ ደቂቃ፣ በዚህ ድምፅ ቀረበ ማለት ነው።

በዓለም የታወቁትን ብታዩ ምክንያቱ ይገባችኋል። አሜሪካዊው አሻንጉሊት ሠሪ ጂም ሄንሰን ከርሚትን በ1955 እ.ኤ.አ. ሲሠራው ጨርቁ ከእናቱ አሮጌ ካፖርት የተቆረጠ፣ ዓይኖቹም ለሁለት የተከፈለ የፒንግ ፖንግ ኳስ ነበሩ፤ ያኔ ገና እንቁራሪት እንኳ አልተባለም። ድምፁን እስከ 1990 እ.ኤ.አ. ሄንሰን ራሱ ሰጠው፤ ከዚያ ስቲቭ ዊትማየር ቀጠለ፤ ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ ማት ቮግል ነው። አንድ ገፀ ባሕርይ፣ ብዙ አካል፣ ሦስት ድምፅ። ኦስካር የተባለው አሻንጉሊት ደግሞ በአሜሪካው የልጆች ፕሮግራም በሰሰሚ ስትሪት የመጀመሪያ ዓመት፣ በ1969 እ.ኤ.አ.፣ ብርቱካናማ ነበር፤ ከሁለተኛው ጀምሮ አረንጓዴ ሆነ። «ኦስካር፣ አረንጓዴ» ብሎ በአንድ ረድፍ የዘጋ ሰው የ1969ኙን ምስል ያገኘ ቀን ወይ የቀድሞውን ይሰርዛል፣ ወይ ሌላ ኦስካር ይፈጥራል።

ተገላቢጦሹም አለ። እዚያው ሰሰሚ ስትሪት ላይ ዓይን፣ አፍንጫና ፀጉር የሌላቸው ባዶ አካላት ተሠርተው ይቀመጣሉ፤ ለየትዕይንቱ ፊት ይለጠፍላቸውና ዛሬ ባለሱቅ፣ ነገ አስተማሪ ይሆናሉ። ገንዘብ ያጠረው ፕሮግራም ደግሞ ከዚህ በላይ ይቆጥባል። ስለዚህ ሁለት ገፀ ባሕርያት በተደጋጋሚ ታይተው አንድም ጊዜ ጎን ለጎን ካልቆሙ ጠርጥሩ። የሚፈርደው ስፌቱ ነው። ልብስ ይቀየራል፣ ፀጉር ይነቀላል፤ አገጭ ሥር ያለው የስፌት መስመርና የአፉ ጥግ መጨማደድ ግን እንዳለ ይቀራል። አፉ ሲከፈት የግራው ጥግ ከቀኙ ቀድሞ የሚታጠፍ ከሆነ፣ ውስጡ ያለው ካርቶን ወይም ፕላስቲክ አንድ ጎኑ አጭር ተቆርጧል ማለት ነው። ያ ጉድለት በሌላኛውም ላይ ከታየ አካሉ አንድ የመሆኑ ነገር አይቀርም።

ቁጥር አሰጣጡ ላይ ሁለት ነገር ብቻ ጠብቁ። የየገጹ ቁጥር በፊደል ይጀምር፦ ገ0001፣ አ0001፣ መ0001። እንዲህ ሲሆን ኤክሴል ፊት ያሉትን ዜሮዎች አይበላቸውም። ሁለተኛ፣ ቁጥሩ ውስጥ ትርጉም አትክተቱ። የፕሮግራሙን ስም ወይም ዓመቱን ከቁጥሩ ጋር የሚያጣብቅ ቡድን ዓመቱ ስህተት ሆኖ ሲገኝ ቁጥሩን ሁሉ ለመቀየር ይገደዳል። የአካል ቁጥርም ከገፀ ባሕርይ ቁጥር ተወልዶ «ገ0001-1» አይባል፤ አንድ አካል የሁለት ገፀ ባሕርያት ሊሆን እንደሚችል አይተናልና።

2. ወሰን

ካሜራ ፊት በሰው እጅ ወይም በሰው አካል የሚንቀሳቀስ ይግባ፤ የካልሲ፣ የጓንት፣ የዘንግ፣ የክር አሻንጉሊትና ሰው ውስጡ የሚገባበት ሙሉ ልብስ ማለት ነው። በሥዕል ወይም በኮምፒውተር የሚንቀሳቀስ ይቅር። ሰው አቅራቢዎችም አይገቡም። በዕድሜ የገፉ ተመልካቾች የልጆች ፕሮግራም የተባለን ሁሉ «አባባ ተስፋዬ ላይ ነው ያየሁት» ሊሉ ይችላሉና፣ አቅራቢ በመታየት ገጽ ላይ አንድ ዓምድ ይኑረው። የጊዜ ወሰኑ መነሻ ለኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ግልጽ ነው፦ ስርጭቱ የተጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው።

3. ምስሉን ማግኘት

ዩቲዩብ ላይ ያለው ቀላሉ ነው፤ አንድ ወጥመድ ብቻ አለው። እዚያ የተጻፈው ቀን ቪዲዮው የተጫነበት እንጂ የተላለፈበት አይደለም። «የተጫነበት ቀን» እና «የተላለፈበት ቀን» ሁለት የተለያዩ ዓምዶች ይሁኑ፤ ሁለተኛው ካልታወቀ ባዶ ይተው።

የቤት ካሴት ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሰዎች ከቴሌቪዥን የሚቀዱት የተረፈ ካሴት ላይ ስለነበር፣ ጀርባው ላይ «ሠርግ» ወይም «ክርስትና» ቢልም እስከ መጨረሻው አጫውቱት። ኢ-180 የተባለው ካሴት ሦስት ሰዓት ይይዛል፤ ሠርጉ ሁለት ሰዓት ከሆነ የቀረው አንድ ሰዓት ምን እንደያዘ ሳታዩ አትመልሱ። ከማጫወታችሁ በፊት፦

ጀርባው ላይ ያለችው ትንሽ ፕላስቲክ ካልተሰበረች ስበሯት፤ ከተሰበረች በስህተት ከላዩ ላይ አይቀዳበትም።

በመስኮቱ በኩል ጥቅልሉን ተመልከቱ። ጠርዙ ላይ ነጭ ብናኝ ወይም ድር መሳይ ነገር ካለ ሻጋታ ነው። አታጫውቱት፤ ብናኙ የማጫወቻውን ራስ ያበላሽና ቀጥሎ የሚገባውን ጤነኛ ካሴት ሁሉ ይበክላል።

ካሴቱ ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ጣርማ በርን ወርዶ ሸዋ ሮቢት ከገባ፣ በዚያው ዕለት አይጫወት። ብርድ የጠጣ ካሴት ሞቃት አየር ሲያገኘው ላዩ ላይ ውሃ ይቋጥራል፤ የረጠበ ክር ደግሞ የማጫወቻው ከበሮ ላይ ተጣብቆ ይቀደዳል። ከነፕላስቲክ ከረጢቱ እንደታሰረ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ይቆይ።

አንዴ እስከ መጨረሻ በፍጥነት አዙሩት፣ መልሱት፤ ከዚያ አጫውቱ።

ወደ ኮምፒውተር ስትገለብጡ የመቅጃው ፕሮግራም «ፓል» ላይ መሆኑን አረጋግጡ፤ የካሴት ዘመኑ የኢትዮጵያ ስርጭት በዚህ ሥርዓት ነበር፦ 625 መስመር፣ በሰከንድ 25 ምስል፣ ሲገለበጥ 720 በ576። «ኤንቲኤስሲ» (የአሜሪካው ሥርዓት) ላይ ከተረሳ ምስሉ ይንከባለላል ወይም ቀለሙን ያጣል፤ ብዙዎች ያኔ ካሴቱ ተበላሽቷል ብለው ይተዉታል። በሰከንድ 8 ሜጋቢት ስትቀዱ አንድ ሰዓት ወደ 3.6 ጊጋባይት ይወስዳል፤ ሙሉ ካሴት 11 ጊጋባይት ገደማ ነው። ባለ 32 ጊጋ ፍላሽ ሁለት ካሴት ይይዛል ብላችሁ አስቡ።

የሠርጉ ክፍል ከቡድኑ ጋር አይዞርም። ፕሮግራሙን ብቻ ቆርጣችሁ ያዙ፤ ለባለቤቶቹ የሙሉውን ካሴት ቅጂ በፍላሽ ስጡ። ይህን የሚያደርግ ቡድን ሁለተኛ ካሴት አያጣም።

4. ማየትና መጻፍ

እያንዳንዱን ክፍል ሁለት ጊዜ ተመልከቱ። መጀመሪያ ሳታቆሙ፤ የሚጻፈው ማን ገባ፣ ስሙ ተጠራ ወይስ አልተጠራም፣ የሚለው ብቻ ነው። ሁለተኛው እያቆሙ ነው። ለ15 ደቂቃ ክፍል አንድ ሰዓት ተኩል ያዙለት፤ ከዚያ ካነሰ የተዘለለ ነገር አለ። መብራት ሲጠፋ ያልተቀመጠ ሥራ አብሮ ስለሚጠፋ፣ በመጀመሪያው ዙር ወረቀት ላይ ብትጽፉ ይሻላል።

በቪኤልሲ ማጫወቻ «ኢ» የሚለው የእንግሊዝኛ ፊደል ቁልፍ አንድ አንድ ምስል ያራምዳል፤ «ሺፍት» ከ«ኤስ» ጋር ፎቶ ያነሳል። ከካሴት የመጣ ምስል ሲቆም ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ከተበጣጠሰ «ዲ»ን ተጫኑ፤ ይስተካከላል። ሳታስተካክሉ ያነሳችሁት ፎቶ ላይ ስፌት አይታይም።

ለእያንዳንዱ አካል አራት ፎቶ ያስፈልጋል፦ ፊት ለፊት፣ ከጎን፣ እጆቹ፣ እና አካሉ የሚቆረጥበት የታችኛው ጠርዝ። አራተኛውን ሰው ሁሉ ይረሳዋል፤ ከጠረጴዛው ወይም ከግድግዳው በላይ ያለፈ የእጅጌ ጫፍና የአንቀሳቃሹ ክንድ የሚያመልጠው ግን እዚያ ነው።

እጆቹን ደግሞ ጊዜ ሰጥታችሁ እዩ። እጁ ላይ የታሰረ ቀጭን ዘንግ ካለ አንድ ሰው ይበቃዋል፦ ቀኝ እጁ ጭንቅላቱ ውስጥ፣ ግራው ዘንጉ ላይ። ብዙ የዘንግ አሻንጉሊቶች ግራኝ የሚመስሉት በዚህ ነው፤ ቀኝ እጅ ደረቱ ላይ ተሰፍቶ ሊቀር ይችላል። ዘንግ ሳይኖር ጣቶቹ ብርጭቆ ካነሱ፣ የጓንት እጅ ነውና ሁለት ሰው አለበት። በሰሰሚ ስትሪት በርት የመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ ጓደኛው ኧርኒ ሁለተኛው። የቢግ በርድ አሠራር ደግሞ ለብቻው ነው፦ ውስጡ ያለው ሰው ቀኝ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ጭንቅላቱን ይይዛል፤ ግራው የወፉን ግራ ክንፍ ያንቀሳቅሳል፤ ቀኝ ክንፉ ባዶ ነው፤ በዓሣ ማጥመጃ ክር ከግራው ጋር ስለታሰረ አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወጣል። በአካል ገጽ ላይ «የእጅ ዓይነት» እና «የአንቀሳቃሽ ብዛት (ግምት)» የሚሉ ዓምዶች ይኑሩ። ግምቱ ከምን እንደመጣ በሦስት ቃል ይጻፍ፦ «ዘንግ በቀኝ ይታያል»።

ቀለም ላይ መዝገቦች ይጣላሉ። ካሴት ሲያረጅ ቀይ ይፈስሳል፣ ቢጫ ይነጣል፤ ስልክም የራሱን ቀለም ይጨምራል። ስለዚህ በፎቶው ውስጥ ነጭ መሆኑ የታወቀ ነገር (ወረቀት፣ የዓይኑ ነጭ) ፈልጉና እሱ ነጭ ሆኖ ከታየ ብቻ ቀለሙን እመኑ። ስሞቹን 12 ላይ አጽኗቸው፦ ነጭ፣ ጥቁር፣ ግራጫ፣ ቡናማ፣ ቀይ፣ ሮዝ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ውሃ ሰማያዊ፣ ወይን ጠጅ። ሐምራዊን ተዉት፤ ለአንዱ ሮዝ ነው፣ ለሌላው ወይን ጠጅ። ከቤት ቀለም መሸጫ በሚገኝ የቀለም ናሙና ወረቀት ላይ 12ቱን መርጣችሁ ለየአባሉ አንድ አንድ ቅጂ ስጡ።

ጨርቁን በምታውቁት ስም ግለጹት። የመንዝ ልጅ ሻካራውን ጥቁር ሱፍ ሲያይ «ባና» ወይም «በርኖስ» ይለዋል፤ ጥሩ ነው፣ ይጻፈው። መዝገቡ መጨረሻ ላይ ግን ባና ምን እንደሆነ፣ ከበግ ሱፍ መፈተሉና መሸመኑ፣ ሁለት መስመር ይጨመር፤ የሐዋሳ አንባቢም ያነበዋል። እርግጠኛ ካልሆናችሁ «ፀጉራም»፣ «ለስላሳ»፣ «ሹራብ መሰል» ይበቃል። ምስሉ ላይ ሳይታይ «ፍሊስ (ለስላሳ ሠራሽ ጨርቅ) ነው» ማለት ግምትን እንደ እውነት ማስገባት ነው።

ደቂቃው ከነፋይሉ ይጻፍ። «07፡41» ብቻ ከሆነ፣ መግቢያው የተቆረጠለት ሌላ ቅጂ ላይ የምትፈልጉት ነገር አይገኝም። ድምፅ ሰጪና አንቀሳቃሽ ደግሞ ሁለት ሰው ሊሆኑ ስለሚችሉ ለየብቻ ይመዝገቡ፤ የሁለቱም ስም መጨረሻ ላይ ከሚያልፈው ዝርዝር እንደተጻፈ ይገልበጥ። «ድምፁ የእገሌ ይመስላል» የሚል ጽሑፍ አይግባ።

5. ስምና ቀን

ፀሐይን አንዱ በጸ፣ ሌላው በፀ፣ ሦስተኛው በሀ ይጽፋል። ኮምፒውተሩ እነዚህን የተለያዩ ስሞች አድርጎ ነው የሚያያቸው፤ ፍለጋም ሆነ ድርደራ ይበተናል። መፍትሔው ሁለት ዓምድ ነው፦ «በማያ ገጽ እንደተጻፈ» እና «መፈለጊያ»። በሁለተኛው ሐ፣ ኀ እና ኸ ሁሉ ሀ ይሁኑ፤ ሠ ሰ፣ ዐ አ፣ ጸ ደግሞ ፀ። የመጀመሪያውን አትንኩ።

ፕሮግራሙ ወደ ሌላ የአገር ቋንቋ ከተተረጎመ ስሙ ሊቀየር ይችላል። አዲስ ገፀ ባሕርይ አትክፈቱ፤ «ሌላ ስም» የሚል ዓምድ ውስጥ ከነቋንቋው አስገቡት። ልጆች ራሳቸው ያወጡለት ስምም እዚያው ይገባል።

ቀን ላይ ዋናው ስህተት ዓመትን ብቻውን መለወጥ ነው። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በ2006 እ.ኤ.አ. ስርጭት ጀመረ ከተባለ፣ ወሩ ሳይታወቅ 1998 ወይስ 1999 ዓ.ም. ብሎ መወሰን አይቻልም፤ ከመስከረም 1 በፊት 8 ዓመት፣ በኋላ እስከ ታኅሣሥ ማብቂያ 7 ዓመት ነው ልዩነቱ። ስለዚህ ዓመቱን ከምንጩ እንዳለ፣ ከነአቆጣጠሩ ጻፉ። ሙሉ ቀን ካለ መለወጥ ይቻላል፦ ሰሰሚ ስትሪት የተጀመረበት ኖቬምበር 10 ቀን 1969፣ ኅዳር 1 ቀን 1962 ዓ.ም. ነው። ሰዓትም እንዲሁ፤ «በ11 ሰዓት» ሲባል የማን 11 እንደሆነ ይጻፍ።

6. ሰው መጠየቅ

ምስል ለሌለው አሻንጉሊት የቀረው ሰው ነው። ፎቶ ይዛችሁ አትግቡ። «እማማ፣ ልጆችዎ ትንሽ ሳሉ ቴሌቪዥን ላይ ምን ይወዱ ነበር?» ብላችሁ ጀምሩና ተዉአቸው። «ቀይ ኮፍያ ያለው አንበሳ ነበር አይደል?» ካላችኋቸው እንግዳ ላለማሳፈር «አዎ፣ አዎ» ይሏችኋል፤ ያ መልስ ዋጋ የለውም። የራሳቸውን ከጨረሱ በኋላ ስድስት ፎቶ ደርድሩ፤ ሁለቱ እዚህ አገር ፈጽሞ ያልተላለፉ ይሁኑ። እነዚያን ከመረጡ ትውስታው ከሌላ ቦታ ተቀላቅሏል።

ቴሌቪዥን ጎረቤት ቤት እየሄደ ያየ ልጅ ከቤቱ ካየው ይልቅ ቦታውን አጥርቶ ያስታውሳል፤ «የማን ቤት ነበር ያየኸው?» የሚለው ጥያቄ ዓመቱን ለመገመት ከ«መቼ ነው?» ይሻላል። ጋሼ እገሌ ቴሌቪዥን የገዙበት፣ መብራት የገባበት፣ ታናሽ እህት የተወለደችበት፤ እነዚህ ቀን አላቸው። ሁለት እህትማማቾችን አብራችሁ አትጠይቁ፤ አንዷ የተናገረችውን ሌላዋ ትደግመዋለች፣ እናንተም ሁለት ምስክር አገኘን ትላላችሁ።

ለእያንዳንዱ ረድፍ የእርግጠኝነት ደረጃ ስጡ። ሀ፦ ምስሉ ላይ ታይቷል። ለ፦ በዘመኑ በታተመ ጽሑፍ ላይ አለ። ሐ፦ ያልተገናኙ ሁለት ሰዎች ተናግረዋል። መ፦ አንድ ሰው። ደረጃ «ለ» የሚገኘው በጥንት ጋዜጦች ውስጥ ነውና ከቡድኑ አንድ ሰው ወደ አዲስ አበባ፣ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት) መሄዱ አይቀርም፤ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ሲሄድ የፕሮግራም ስምና ግምታዊ ወር ይዞ ይሂድ። «የልጆች ፕሮግራም» ብሎ ብቻ የሄደ ቀኑን ሙሉ ገጽ ሲገልጥ ይውላል።

7. ፋይሉን መጠበቅ

ሰንጠረዡን ወደ «ሲኤስቪ» (በኮማ የተለየ ተራ የጽሑፍ ፋይል) ስታስቀምጡ «ዩቲኤፍ-8» የሚለውን የፊደል አቀማመጥ ምረጡ፤ አለዚያ የግዕዙ ፊደል ሁሉ ጥያቄ ምልክት ይሆናል፣ አይመለስም። በድሮው ፓወር ግዕዝ የተተየበ ሰነድ ከተላከላችሁ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ይታያችኋል፤ አልተበላሸም፣ ፎንቱን ጭናችሁ አንብቡትና እንደገና ተይቡት። የፎቶ ፋይል ስም በቁጥር ብቻ ይሁን፦ የአካል ቁጥር፣ ሰረዝ፣ የፎቶ ቁጥር። ፎቶ በቴሌግራም ስትለዋወጡ «እንደ ፋይል» ላኩ፤ እንደ ፎቶ የተላከ ይጨመቃል፣ ስፌቱም አብሮ ይጠፋል።

አንድ ሰው ብቻ ዋናውን ፋይል ይንካ። ሌሎቹ ያገኙትን ይልኩለታል፤ እሱ በሳምንት አንድ ቀን ያስገባል። ሦስት ቅጂ ይኑር፦ አንዱ ላፕቶፑ ላይ፣ አንዱ ኢንተርኔት ላይ፣ አንዱ በሌላ ከተማ ባለ አባል ቤት በፍላሽ።

ፎቶና ቅጂ ባለመብት አለው፤ የኢትዮጵያ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። ለሕዝብ ስታወጡ ለአንድ አካል አንድ አነስተኛ ፎቶ ከነባለቤቱ ስም ይበቃል፤ ሙሉ ክፍል አትጫኑ። አዘጋጆቹን አስቀድማችሁ በደብዳቤ ጠይቁ፤ ዝርዝሩን አያይዛችሁ ላኩላቸው። ስህተት ያለበትን ስም አይተው ዝም የሚል የድሮ አሻንጉሊት አንቀሳቃሽ ብዙም አይኖርም፤ እርማቱ የሚመጣው ከዚያ ነው።

እርማት ሲመጣ ረድፍ አይሰረዝም። ገ0087 እና ገ0031 አንድ ሆነው ከተገኙ፣ ገ0087 ባለበት ይቆይና «ወደ ገ0031 ተዛውሯል»፣ ማን እንዳረጋገጠና ቀኑ ይጻፍበት። ቁጥሩ ለሌላ ገፀ ባሕርይ ዳግመኛ አይሰጥም።